«ስንተኛ ነህ?»

ሀበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ ሦስት ዓይነት ሰው አይጠፋም። ጠበቃ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚያማክር፣ ሐኪም ሳይሆን የሰው ደም ግፊት የሚለካ፣ ለምንም ነገር ሳይወዳደር ስለ ምርጫ እንቅልፍ የሚያጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየቤታችሁ ስላሉ አልነካቸውም። ሦስተኛው ግን ለእኛ ለዳላሶች አንድ ብቻ ነው የተሰጠን፤ እሳቸውም ክቡር ጋሽ ታፈሰ ናቸው፣ የቴክሳስ የሠላሳ ሁለቱ የኮንግረስ ዲስትሪክቶች የበላይ ጠባቂ። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። ሊሽራቸው የሞከረም የለም።

ጋሽ ታፈሰ ሰው ሲያገኙ እንደ ወጉ ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ ሥራውን አይጠይቁም። እጁን ይጨብጡና ሳይለቁ «ስንተኛ ነህ?» ይላሉ። የቆየ ሰው ቁጥሩን ተናግሮ እጁን ያስለቅቃል። አዲስ የመጣ ግን ግራ ይገባዋል። አንዱ ምስኪን ከቅዳሴ በኋላ ለቁርስ ተሰልፎ ሳለ ቢይዙት «ለእናቴ አራተኛ ነኝ» ብሎ መለሰ። ጋሽ ታፈሰ በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው ካርታ ሊያመጡ ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ተመልሰውም የሰውየውን አፓርትመንት በጣታቸው እስኪያገኙ ድረስ አልለቀቁትም። ቁርሱ አለቀበት። ቁጥሩን ግን እስከ ዛሬ አልረሳም።

ለማያውቅ ላስረዳ። ቴክሳስ ለኮንግረስ ምርጫ ሲባል ሠላሳ ሁለት ቦታ ተከፋፍላለች፤ እያንዳንዱ ክፍል በየሁለት ዓመቱ አንድ ሰው መርጦ ዋሽንግተን ይልካል። ይህን ማንም ያውቃል። ጋሽ ታፈሰ ግን ሠላሳ ሁለቱንም ልክ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል። ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነው የሚነዱት። አንድ ቀን ከሉበክ የመጣ ባለ ትልቅ ባርኔጣ ገበሬ ሻንጣውን ሲያነሱለት ዲስትሪክቱን ጠየቁት። ሰውየው አያውቅም። «አሥራ ዘጠነኛ ነህ» አሉት። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ አመሰገነ። ይህን ታሪክ ከእሳቸው አፍ ዘጠኝ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በዘጠነኛው ባርኔጣውን ለማስታወሻ ሊሰጣቸው ሁሉ ነበር።

ካርታው በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። በሾፌሩ ወንበር ጀርባ ይንጠለጠላል፤ ሰንበት ሰንበት ወደ ራሳቸው መኪና ይዛወራል። ከካርታው ጋር ሁልጊዜ ጠብ አላቸው። አንዳንዱ ዲስትሪክት ሳይበጠስ እንደ ወረደ የድንች ልጣጭ ተጠማዞ ሲያዩት ደማቸው ይፈላል። «ተመልከት እስቲ ይሄን! ሶ፣ ይሄ ምኑ ነው ዲስትሪክት የሚባለው? መስመር መሬት አይቶ ነው የሚሰመረው። ሰው አይቶ የተሰመረ መስመር ሌብነት ነው!» ይላሉ። እኔ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። የምሠራው ፋርመርስ ብራንች አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በመላክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አድራሻ ሳነብ ስለምውል ሰንበት እንኳ ከአድራሻ ማረፍ እፈልጋለሁ።

በፈረንጆቹ 2008 ደግሞ ባሰባቸው። በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፕሬዚዳንቱ ነበር፤ በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየፀጉር ቤቱ። ጋሽ ታፈሰ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። በምርጫው ወረቀት ላይ መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ፣ ሁለተኛ ሴናተሩ፣ ሦስተኛ የዲስትሪክቱ እንደራሴ ይሰለፋሉና፣ የእሳቸው ስብከት በሙሉ ስለ ሦስተኛዋ መስመር ነበር። «ትልቁ ሰውዬ ስልክህን አያነሳም። የዲስትሪክትህ ሰው ግን ጸሐፊ አለችው፤ ጸሐፊዋ ታነሳለች። እህትህ ቪዛ ስትከለከል ማንን ነው ኮል የምታደርገው?» ከላይ ያለችውን አንዷን የፓርቲ ምልክት ነክቶ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መጨረስን «ዓይን ጨፍኖ መጉረስ» ይሉታል። የመኪና መስኮት ዝቅ አድርገው፣ በትራፊክ መብራት ላይ፣ ከወዲያኛው መስመር «ክብረት! ሦስተኛዋን እንዳትረሳ!» ብለው ጮኸውብኛል። አጠገቤ የነበረው ሾፌር ምን ተበላሽቶብኝ እንደ ሆነ እያሰበ ጎማዬን አየልኝ።

አንድ ነገር ግን በሐቅ ልመስክርላቸው። ማንን ምረጥ ብለው አያውቁም። እሳቸው ራሳቸው ማንን እንደሚመርጡ ልጃቸው እንኳ አታውቅም። የሚያስጨንቃቸው ሰው ቦታውን ሳያውቅ መኖሩ ነው።

ከእድራችን ታሪክ ያልተሰረዘው ትልቁ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። እድሩ ሲሰፋ፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያጓጉዝ፣ ምግብ የሚያቀርብ በየቀጠናው ይከፋፈል ተባለ። ማን ይከፋፍል? ጋሽ ታፈሰ ካርታቸውን ይዘው ተነሡ። «መንግሥት የከፋፈለውን እኛ እንደገና ለምን እንለፋበታለን? በዲስትሪክት ይሁን» አሉ። አንዱ «ጠማማ ነው ሲሉ አልነበረም እንዴ?» አላቸው። «ጠማማም ቢሆን ሕግ ነው። ደግሞ በዚህ መንገድ ቢያንስ ሰው ሲሞትበት ቁጥሩን ያውቃል» አሉ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። እጃችንን አወጣን።

የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ የምኖረው ሌክ ሃይላንድስ ነው። እትዬ ዘርትሁን ከእኔ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ሠላሳ እርምጃ ላይ ይኖራሉ። መስመሩ በመንገዱ መሐል ያልፋል፤ እኔ ሠላሳ ሁለተኛ፣ እሳቸው አምስተኛ። የወንድማቸው መርዶ የመጣ ቀን የአምስተኛ ቀጠና ተረኞች ከሜስኪት ወዲያ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ድስት በጉልበታቸው ታቅፈው ሲመጡ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ አያለሁ። ወንበር ላቀብል ብሄድ ጋሽ ታፈሰ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ እዚህ እንግዳ ነህ፤ ቁጭ በል።» እትዬ ዘርትሁን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ቀና አሉና «ክብረት፣ ወንበር ለማቀበል ደግሞ ቪዛ ያስፈልግሃል?» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸውም ሳቁ።

እንዲህ ነበርን እንግዲህ። እውነቱን ለመናገር ጋሽ ታፈሰን ያልሸሸ ሰው የለም። እኔ ስልካቸውን ሳየው ወደ ኪሴ እመልሰው ነበር።

በዚያው በ2008 መስከረም ላይ ጋሽ ታፈሰ ቤት ለቀቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ጉልበታቸውም ደረጃ መውጣት እምቢ አለ። ልጃቸው ማህደር ነርስ ናት፤ ዋይሊ አዲስ ቤት ገዝታ «አባዬ፣ ፕሊስ፣ ታች ያለው ሩም ያንተ ነው» ብላ ወሰደቻቸው። ዋይሊ ሌላ ካውንቲ፣ በእኛ አባባል ሌላ አውራጃ ነው፣ ሌላም ዲስትሪክት። በዚያ ቀጠና ደግሞ የእድራችን አባል ሁለት ቤተሰብ ብቻ ነው፤ አንደኛው በዓመት ስምንት ወር አገር ቤት ነው የሚኖረው።

ማንም ይዛወሩ አላላቸውም። እሳቸው ግን በመስከረሙ ስብሰባ ተነሥተው «በደንቡ መሠረት ከሠላሳ ሁለተኛ ቀጠና ተሰናብቻለሁ» አሉና የድንኳኑንና የወንበሩን መጋዘን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩት። ወለተጊዮርጊስ ያረፉ ጊዜ ሦስቱን ቀን ከጎናቸው ያልተነሣው ይኸው ቀጠና ነበር። እኔም «ጋሽ ታፈሰ፣ እርስዎ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። «ክብረት፣ ደንብ ደንብ ነው። ራሴ ያመጣሁትን ራሴ ልጣሰው?» አሉኝ። እጄ ላይ ካለው ቁልፍ ግን ዓይናቸውን ያነሡት ትንሽ ቆይተው ነው።

በዚያው ሰሞን መራጭ የመመዝገቡ ሥራ ጦፎ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ከዳላስ ካውንቲ የመዝጋቢነት ወረቀት አላቸው፤ ቅፁን ያስሞላሉ፣ በእጃቸው ወስደው ያስረክባሉ። የምዝገባው ማብቂያ ጥቅምት ከመግባቱ በፊት፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ስድስት ነበር። ከማብቂያው ሳምንት አስቀድሞ በአንድ የእድር አባል ቤት ለቅሶ ሆነና ጋሽ ታፈሰ ከሰልስቱ በኋላ ሐዘንተኞቹን ሳይቀር አስመዘገቡ። የሰዎቹን የምዝገባ ካርድ በትልቅ ፖስታ ሰብስበው በማግስቱ አስረከቡ። የራሳቸው ካርድ ግን ዋይሊ ላለችበት ለኮሊን ካውንቲ በፖስታ መላክ ነበረበትና ከሌላው እንዳይቀላቀል ለብቻው በኮታቸው የውስጥ ኪስ አኖሩት።

ኮቱ ጥቁሩ የለቅሶ ኮታቸው ነው። ያን ኮት ለሌላ ነገር ለብሰውት አያውቁም። ከለቅሶ ሲመለሱ ይሰቅሉታል፤ ሌላ ለቅሶ እስኪመጣ አይነካም።

ሌላው ለቅሶ የመጣው ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሰው በዝግታ ያወራል። ጋሽ ታፈሰ መሐረብ ፍለጋ እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱና ካርዱን አወጡት። ስማቸው ተጽፎበታል፣ ፈርመውበታል፣ ከሌላው ሰው ሁሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ፊትና ጀርባውን አገላብጠው አዩት። የቤቱ እመቤት ሟቿን አስበው መስሏቸው «አይዞዎት ጋሽ ታፈሰ፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት» አሏቸው። እሳቸውም «አይ፣ እኔ ነኝ» አሉ። ማንም አልገባውም። እኔ ግን ካርዱን አይቼዋለሁ። የመቶ ምናምን ሰው ካርድ በሰዓቱ ያስረከቡ ሰው የራሳቸውን በለቅሶ ኮት ውስጥ ቀብረውታል። ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም።

በማግስቱ ደወሉልኝ። አነሣሁ። ሕጉን ያውቁታል፣ ለሌላ ሰው ሲያስረዱ የኖሩት ነው። ከካውንቲ ካውንቲ የለወጠና ያልተመዘገበ ሰው በቅድሚያ ምርጫው ጊዜ የተወሰነ የምርጫ ወረቀት ይሰጠዋል፤ በአሮጌውና በአዲሱ አድራሻው የጋራ የሆነውን ብቻ ይመርጣል። «ለማህደር አልነገርኳትም፤ እንዳትስቅብኝ። ሶ፣ አርብ ኦፍ ከሆንክ አብረኸኝ ሂድ» አሉኝ። ከሥራ ቀረሁ።

የኮሊን ካውንቲ ምርጫ ቢሮ ያለበት ማኪኒ ድረስ ስንሄድ፣ ሦስት የዲስትሪክት ወሰን ስናልፍ እንኳ አላሳዩኝም። ምርጫው ቢሮ ውስጥ አንዲት ነጭ ፀጉራም ሴትዮ በጨዋነት ተቀበለቻቸው። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ እስኪመጣ ትንሽ ቆየ። ጋሽ ታፈሰ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መከለያው ገቡ። እኔ ግድግዳው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀርባቸውን አያለሁ። ሰው እየገባ ይወጣል፤ እሳቸው እዚያው ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን አንጠለጠላቸው እል ነበር። ያን ቀን ግን ለምን እንደ ቆዩ አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ አንደኛው አለ፣ ሁለተኛው አለ። ሦስተኛዋ ግን የለችም፤ ቀጥሎ ያለው የባቡር ኮሚሽነር ነው።

ወጡ። «የባቡር ኮሚሽነሩን መርጫለሁ» አሉኝ። «ባቡር እንኳ አያስተዳድርም። ነዳጅ ነው የሚቆጣጠረው።»

መኪናው ውስጥ ቀበቷቸውን አስረው ከጨረሱ በኋላ ወደ ውጭ እያዩ «ክብረት፣ አሁን እኔ ስንተኛ ነኝ?» አሉኝ። «ማለቴ፣ ሠላሳ ሁለተኛ ነኝ እንዳልል ለቅቄያለሁ። የዋይሊውን እንዳልል አልገባሁም።»

ስለ ምርጫው ብቻ እንዳልጠየቁኝ ገባኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ታፈሰ ስለ ዲስትሪክት ቢያወሩልኝ ብዬ ተመኘሁ። ላወራቸው ብዬ ያቺ እንደ ድንች ልጣጭ የተጠማዘዘችው የትኛዋ ነበረች ብላቸው «እንጃ» አሉ። እሳቸው እንጃ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ የምርጫው ቀን ሠፈሬ ባለ ትምህርት ቤት ተሰለፍኩ። ልናዘዝ፤ ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ ሦስተኛዋን መስመር ነክቻት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከእሷ ጀመርኩ። ስሞቹን አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ፣ አንዱን አጠቆርኩ። ስወጣ ደወልኩላቸው። «ሦስተኛዋን ነክቻታለሁ» አልኳቸው። ማንን እንደ መረጥኩ አልጠየቁኝም። «ጎሽ» አሉና «ኦኬ፣ መንገደኛ ይዣለሁ» ብለው ዘጉ። ድምፃቸው ግን ትንሽ ተመልሶ ነበር።

በኅዳሩ የእድር ስብሰባ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተገናኘን። ሊቀ መንበራችን ሀይሌ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲል እጄን አወጣሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተናግሬ ስለማላውቅ ሀይሌ መጸዳጃ ቤት ልሄድ መስሎት «በስተግራ ነው» አለኝ። ተነሣሁ። የጋሽ ታፈሰ ካርታ እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማርከር አንሥቼ ከሌክ ሃይላንድስ ጫፍ ጀመርኩ፤ በሀይዌዩ ዳር ዳር፣ እንደ ክር አቅጥኜ፣ ጋርላንድን በጎን አልፌ፣ ዋይሊ ማህደር ደጃፍ አደረስኩት። እዚያ ስደርስ ትንሽ ክብ አደረግሁላት።

«የሠላሳ ሁለተኛ ቀጠና አዲሱ ወሰን ይህ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ» አልኩ። የመጋዘኑ ቁልፍ ሰልችቶኝ እንደ ነበርም አልደብቅም፤ ሰው ያለ ጥቅም አይናገርም።

ጋሽ ታፈሰ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ፤ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሰው አይመስሉም። «ይሄ ምንድነው? ይሄ ቅርጽ ነው? ሃያ ማይል ሙሉ እንደ ጅራት! እኔ ዕድሜ ልኬን ምን ስል ነው የኖርኩት? ሰው አይቶ የተሰመረ መስመር ሌብነት ነው!»

እትዬ ዘርትሁን ከፊት ረድፍ ሳይነሡ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መለሱ። «አዎ ታፈሰ። አንተን አይተን ነው ያሰመርነው።»

ጋሽ ታፈሰ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ተከተሉት። ቁጭ አሉ።

«ግን እጄን የማወጣው በአንድ ነገር ነው» አሉ እትዬ ዘርትሁን ወደ እኔ ዞረው። «ዋይሊ ድረስ የሄደ መስመር ሠላሳ እርምጃ መንገድ ተሻግሮ እኔንም ይውሰደኝ።» በማርከሩ መንገዱን ተሻገርኩና ወሰድኳቸው። ሀይሌ ድምፅ ይሰጥ አለ። የአዳራሹ እጅ ሁሉ ወጣ። «የሚቃወም?» አንድ እጅ ብቻ ወጣ፤ የጋሽ ታፈሰ። ቀጥ አድርገው፣ እስኪቆጠርላቸው ድረስ አላወረዱትም።

ሲበተን ፓርኪንጉ ላይ ካርታቸውን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው አገኘኋቸው። ማርከሩን ለማጥፋት በአውራ ጣታቸው ሞክረው እንደ ነበር ከጣታቸው ጥቁረት አየሁ፤ መስመሩ ግን አልለቀቀም። ሄጄ እጃቸውን ጨበጥኩ፤ ቁልፉ በመዳፌ ውስጥ ነበር። ሊያስለቅቁኝ ሲሉ አልለቀቅኳቸውም።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ስንተኛ ነዎት?»

ወደ መኪናቸው አዩ፣ ወደ አዳራሹ በር አዩ። እትዬ ዘርትሁን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሽ ታፈሰ ካርታቸውን በብብታቸው አጠበቁ።

«ሠላሳ ሁለተኛ» አሉ። «በሌብነት።»

እጃቸውን ለቀቅኩ። ቁልፉ እዚያው ቀረ።